አንቲባዮቲኩን ተዪውና ካቴተር አምጪልኝ

ውድ ልጄ፣

ለፋሲካ እያሳለ የመጣውን የአክስትሽን ልጅ ከበር መመለሴ አንቺ ዘንድ እንደ ደረሰ በስልክ ከድምፅሽ ተረድቻለሁ። አክስትሽ «ዊልቸር ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ኮራ» ብላለች አሉ። ትበል። ላንቺ ግን ምክንያቴን ልንገርሽ።

እግሬ እንደማይታዘዘኝ ሰው ሁሉ ያያል። በሽታን ለመከላከል የሚያግዘው ጣፊያዬም ከአንጎሌ ትእዛዝ እንደማይደርሰው ግን ማንም አያይም። ወደ ጣፊያና ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ የሚሄዱት ነርቮች በአብዛኛው የሚነሡት ከደረት አካባቢ ሕብለ ሰረሰር ነው። እኔ የተጎዳሁት አራተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው በራሱ ፈቃድ ያድራል። ፊኛዬ ሲሞላ ራሴን የሚፈልጠኝ፣ ፊቴን የሚያልበኝ፣ የደም ግፊቴም በድንገት የሚያሻቅበው ለዚህ ነው። እናትሽ ቀና አድርጋ አስቀምጣኝ ሽንቱ ሲወጣ ይተወኛል። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያለው ነገር በአይጦች ላይ ሲደጋገም በሽታ የመከላከል አቅማቸውን እንደሚያዳክም አሳይተዋል። እንግዲህ ሽንቴን በሰዓቱ ለማውጣት እንግዳ ጥዬ ብነሣ አትታዘቢኝ።

የእኔ ዓይነቱ ሰው የበሽታ መከላከያ ሌባ ሲገባ ተኝቶ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚጮህ ዘበኛ ነው። ተህዋስያንን ለመዋጋት ይደክማል፤ ያለ በቂ ምክንያት የሚቆይ ቀስ ያለ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ግን ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ይኖራል። በዚያ ላይ የሆዴና የጎድኔ ጡንቻዎች ስለማያግዙኝ አክታዬን አስልቼ ማውጣት ያቅተኛል። ለልጁ ተራ ጉንፋን የሆነው ለእኔ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ድሮማ እንደ እኔ የተጎዳ ሰው ብዙም አይቆይም ነበር። ብዙዎቹን የሚገድላቸው የሽንት ኢንፌክሽንና የአልጋ ቁስል ነበር። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ውስጥ የሕብለ ሰረሰር ሕክምና ክፍል ሲከፍት ትልቁ ሥራው በሽተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ፊኛን መጠበቅ ነበር። የእኛው አበበ ቢቂላም በ1961 ዓ.ም. ከመኪና አደጋው በኋላ የታከመው እዚያ ነው። እናትሽ ሌሊት እየተነሣች የምትሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ እሷን ግን ማንም ዶክተር ብሎ አይጠራትም።

አሁን ወደ እኔና አንቺ ጸብ ልምጣ። ሽንቴ በደፈረሰ ቁጥር አንቲባዮቲክ ዋጥ ትይኛለሽ። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) የሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የሕመም ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አይታከምም። ዛሬ በከንቱ የዋጥኩት መድኃኒት በሚያስፈልገኝ ቀን ላይሠራልኝ ይችላል። እግሬ ከወትሮው በላይ ሲወራጭ፣ ሲያንቀጠቅጠኝ ወይም ያለ ምክንያት ሲያልበኝ ግን አልጠብቅም፤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሽንቴን አስመረምራለሁ። በስልክም «ትኩሳት አለህ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊው። ሰውነቴ ሙቀቱን በደንብ ስለማይቆጣጠር በቴርሞሜትር ብቻ አልታመንም። ይልቅስ ቁስል እንዳይኖር ጀርባዬንና መቀመጫዬን አይተውልኝ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት።

አክስትሽን እኔው ደውዬ አናግራታለሁ፤ ልጁም ሲሻለው ይምጣ። አንቺ ከመነሣትሽ በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውሰጂ። ካቴተሩ ቁጥር 14 ይሁን፤ ባለፈው ያመጣሽው 16 ወፈረብኝ።

አባትሽ