ለሜሪላንድ ግዛት የጤና አገልግሎት ጥራት ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሚሰጡ የዲኤንአር ትእዛዞችን ለመቆጣጠር በቂ በጀት እንዲመደብ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ዋና ኃላፊ፣

እንደ ብዙ የአገሬ ልጆች እኔም በሞንትጎመሪ ካውንቲ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ልብ ሲቆም ሲፒአር (ደረትን በመጫን ልብን እንደገና ለማስነሳት የሚደረግ ሙከራ) እንዳይደረግ የሚያዙት የዲኤንአር ትእዛዞች በምን ሁኔታ እንደተሰጡ የመከታተል ሥራ በጀት በጠበበ ቁጥር ተቀናሽ እንዳይሆን ለማሳሰብ ነው።

የግዛታችን ሕግ በዚህ ረገድ ደካማ አይደለም። ከ2013 ጀምሮ ወደ ነርሲንግ ሆም (ነርሶች ሙሉ እንክብካቤ ወደሚሰጡበት ቤት)፣ ወደ አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ተዕለት ኑሮ እገዛ ወደሚሰጥበት መኖሪያ) ወይም ወደ ሆስፒስ (ለሕይወት ፍጻሜ እንክብካቤ) ለሚገባ ሰው ሁሉ ሞልስት የተባለው የሕክምና ትእዛዝ ቅጽ መሞላት አለበት፤ የቅጹም የመጀመሪያ ጥያቄ ሲፒአር ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ከታካሚው ወይም ከወኪሉ ጋር ምክክር ተደርጎ ፈቃድ መገኘቱን በፊርማው የሚያረጋግጠው ሐኪሙ ወይም ሕግ የፈቀደለት ሌላ የሕክምና ባለሙያ ነው፤ የታካሚው ፊርማ አይጠየቅም። ስለዚህ ወረቀቱ በፋይሉ ውስጥ መኖሩንና መፈረሙን ብቻ አይቶ የሚመለስ ተቆጣጣሪ፣ ምክክሩ በእርግጥ መደረጉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በሥራ ላይ የማየውን ልግለጽ። አንዲት እናት ከሆስፒታል በመጡበት ዕለት፣ ከመድኃኒት ዝርዝርና ከኢንሹራንስ ወረቀት ጋር የሞልስቱም ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ልጃቸው ገና ከሥራ አልወጣችም፤ ጠያቂው በእንግሊዝኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደጋግምላቸዋል፤ እሳቸውም ሐኪም ጠይቆ ዝም ማለት ነውር ስለሚሆንባቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጅቷ ደርሳ ብታስተረጉም እንኳ፣ እናቷን ፊት ለፊት ስለ ሞታቸው ለመጠየቅ አንጀቷ አይችልም፤ ጥያቄውን ታለሳልሰዋለች፣ መልሱንም እንዲሁ። ልጅቷን የሚወቅስ ሰው ያለ አይመስለኝም። የፌዴራሉ የጤና ሕግም ቢሆን ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያስገድደውና በቤተሰብ ማስተርጎምን በጠባቡ የሚፈቅደው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ወጪው የት ላይ ነው? ሐኪሙ ለዚህ ምክክር የሚያጠፋውን ጊዜ ሜዲኬር (የፌዴራሉ የአረጋውያን የጤና መድን) ከ2016 ጀምሮ ይከፍላል። በነርሲንግ ሆሞች ላይ በሜዲኬይድ (የፌዴራሉና የግዛቱ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በጋራ በሚሸፍኑት የጤና መድን) ስም ለሚደረገው ቁጥጥር ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት 75 በመቶ ይሸፍናል። ትልቁ ክፍተት ያለው በአሲስትድ ሊቪንግ በኩል ነው፤ እነዚህን ቤቶች ፈቃድ የሚሰጣቸውና የሚቆጣጠራቸው ግዛቱ ራሱ በመሆኑ ሸክሙ ግዛቱ ላይ ይወድቃል። ብዙዎቹም ጥቂት አረጋውያን የሚኖሩባቸው ተራ መኖሪያ ቤቶች ስለሆኑ ለአስተርጓሚ የተመደበ ገንዘብ የላቸውም። ከሕዝብ ገንዘብ የሚጠየቀው እንግዲህ የአስተርጓሚ ክፍያና የተቆጣጣሪው ተጨማሪ ሰዓት ነው።

አንዳንዶች ዲኤንአር በበዛ ቁጥር የአምቡላንስና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጪ ይቀንሳል ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ይህን ክርክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ትእዛዙ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሰጥ ከሆነ የታካሚው ፈቃድ መሆኑ ያበቃል። በእንግሊዝ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በወረርሽኙ ጊዜ ከተሰጡት መሰል ትእዛዞች መካከል ከ500 በላይ የሚሆኑት ከታካሚው ወይም ከቤተሰቡ ጋር ሳይመከርባቸው የተሰጡ መሆናቸውን ገልጿል። የዚህ ተቃራኒ በደልም አለ፤ ሲፒአር አልፈልግም ብሎ በግልጽ የተናገረ አዛውንት፣ ትእዛዙ በሌሊት ፈረቃ ሳይገኝ ቀርቶ የጎድን አጥንቱ እስኪሰበር ደረቱ ይጫናል፤ ሠራተኞቹም ወረቀቱን ካላገኙ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ሁለቱም በደሎች የሚመነጩት በአግባቡ ካልተደረገና ካልተመዘገበ ምክክር ነው።

ስለዚህ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ፋይል ከማየት አልፈው፣ ከየቤቱ የተወሰኑ ነዋሪዎችን ወይም ወኪሎቻቸውን በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቤተሰብ ባልሆነ አስተርጓሚ አማካይነት፣ ምን እንደተነገራቸውና ምን እንደመለሱ እንዲጠይቁ እለምናለሁ። አነስተኛ ቤቶችም በግዛቱ ወጪ በስልክ የሚያስተረጉም ባለሙያ በማንኛውም ሰዓት የሚያገኙበት መንገድ ይመቻችላቸው። ይህን ለመፈጸም ምን ያህል ተጨማሪ ገንዘብና ስንት ተቆጣጣሪ እንደሚያስፈልግም ጽሕፈት ቤታችሁ አስልቶ፣ ቀጣዩ በጀት ለግዛቱ ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሚሠሩ ረዳት ነርሶች አንዱ