በደማቸው እርሳስ ስለተገኘባቸው ልጆች ቀጣይ ክትትል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ምርመራ በደማቸው እርሳስ ከተገኘባቸው ተማሪዎቻችን መካከል ለሁለተኛው ምርመራ ያልቀረቡ አሉ። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛልና በቀጥታ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ልጆቹ የሚጽፉበትን እርሳስ እንከልክላቸው ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ስማቸው አንድ ሆኖ ነው እንጂ የመጻፊያው ውስጡ ግራፋይት ነው። የሚያሳስበን በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሊገኝ የሚችለው፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። በአንደኛ ክፍል መስኮት ደፍ ላይ አሮጌው ቀለም እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቶ፣ ልጆቹ በጥፍራቸው እየላጡት በዓይኔ አይቻለሁ። ክፍሉን ዘግተነዋል።

ከጣት ጫፍ የተወሰደ ደም፣ ጣቱ ላይ በነበረ አቧራ ምክንያት ከእውነተኛው በላይ ሊያሳይ ስለሚችል ከደም ሥር በተቀዳ ደም መረጋገጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበት ልጅ የተጋለጠበት ምንጭ ተፈልጎ መወገድ አለበት። እርሳሱን ከሰውነት የሚያስወጣው መድኃኒት የሚመከረው ግን ከ45 ጀምሮ ነው። ስለዚህ መድኃኒት አልታዘዘለትም ማለት ልጁ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

አንዲት እናት የውጤቱን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው «ቁጥሩ ወርዷል፤ ተመስገን፣ አለቀ» አሉኝ። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከደም የቀነሰው እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ አእምሮ ላይ የደረሰ ጉዳትም በቁጥሩ መውረድ አይሽርም። ዛሬ ደህና የመሰለ ልጅ ከዓመታት በኋላ ማንበብ ወይም ረግቶ መቀመጥ ሊቸግረው ይችላል። ያን ጊዜ ሰነፍ ተብሎ እንዳይቀጣ፣ የውጤቱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ስጡን። ማኅደሩ ውስጥ በምስጢር ይቀመጣል፤ መምህራኑም የንባቡንና የትኩረቱን ሁኔታ እየተከታተሉ ያሳውቋችኋል።

ሐኪሙን የአይረን እጥረት እንዲመረምርላችሁ ጠይቁ፤ እጥረት ያለበት ልጅ እርሳስን ይበልጥ ይመጥጣል። ታናናሾቹንም አስመርምሩ፤ መሬት ላይ የሚድኸውና እጁን አፉ ውስጥ የሚከተው ሕፃን ከሁሉም በላይ ይጋለጣል። ቤት ስትጠርጉ አቧራ ከምታስነሡ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

በቀጠሮ ቀን የሚቀር ተማሪ ቀሪ አይባልም፤ ያመለጠው ፈተናም ይሰጠዋል። የቀጠሮ ወረቀት የጠፋባችሁ ወደ ቢሮዬ ኑ፤ አብረን እንጽፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር