ደብረ ብርሃን ትደግ፣ ግን ቀስ ብላ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የደብረ ብርሃን ማደግ የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም። ድሮ ፋብሪካ ሲባል የምናውቀው የብርድ ልብሱን ነበር። ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክም፣ ዩኒቨርሲቲም አለን። እሰየው ነው።

የናፈቀኝ ዝግታዋ ነው። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ሰው ጋቢውን ደርቦ፣ ፀሐይ እየሞቀ ያወጋ ነበር። ሰላምታው ብቻ፣ የከብቱ ደህንነት ሳይቀር ተጠይቆ፣ ቡና ያስፈላል። አሁን ባጃጁ ክላክሱን ያንባርቃል። የቤት ኪራይ ይንራል። ጎረቤትም ሳንተዋወቅ ይለቃል።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ለፎቅ ብቻ አትታረስ። ከተማ አስተዳደሩ በየሰፈሩ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለው ቦታ ይተውልን። ፕላኑ ላይ አሁኑኑ ካልተያዘ፣ ነገ መሬቱ አይገኝም።

ከአንድ ነዋሪ፣ ደብረ ብርሃን