የአቪዬሽን ክበብ፦ ነዳጅ እያለ የሚጠፋ ሞተር

ዘንድሮ ክበባችን ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው የከረመው። ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን ሞተሩ ለምን ይጠፋል?

ባለ ፒስተን ትንንሽ አውሮፕላኖች ነዳጃቸውን የሚይዙት በአብዛኛው በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ነው። የሴስና 172 የነዳጅ መምረጫ (ነዳጁ ከየትኛው ታንክ እንደሚመጣ የሚወሰንበት እጀታ) ከሁለቱም ታንኮች በአንድ ጊዜ ያስቀዳል። ክንፉ ከታች የሆነው ፓይፐር ፒኤ-28 ግን ወይ ከግራ ነው ወይ ከቀኝ። አብራሪው መቀየር ከረሳ አንዱ ታንክ ሙሉ ሆኖ በሌላው ያልቅበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሰዓት አይተው በየ30 ደቂቃው ይቀይራሉ።

ተማሪዎቼ ይህን በዓይናቸው እንዲያዩ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቀጭን ቱቦና ቫልቭ አገጣጠምን። በነዳጅ ፋንታ ቀለም ያለው ውሃ ሞላንበት። ቫልቩን ስንዘጋው ውሃው ወዲያው አልቆመም። ቱቦው ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ መንጠባጠቡን ቀጠለ። ሰዓት ትይዝ የነበረችው ልጅ ብድግ አለች፤ «እንዴ! ሊነሳ ሲል ቢቀይር እኮ ችግሩን የሚያውቀው አየር ላይ ነው!» ልክ ናት። ለመነሻ የሚሆነው ታንክ ቀደም ብሎ ተመርጦ፣ ሞተሩ መሬት ላይ በደንብ ሊሠራበት ይገባል። እኔ በዓመቱ ከሁሉ በላይ የተደሰትሁት በዚህች ደቂቃ ነው።

ዘይትና ውሃ በብርጭቆ ቀላቅለንም አይተናል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይዘቅጣል። ከበረራ በፊት ከታች ትንሽ ቀድቶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። 100ኤልኤል የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ስለሆነ ውሃው ከሥሩ ተለይቶ ይታያል። የነዳጁን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ ብቻ ማመንም አይበቃም፤ ታንኩን ከፍቶ በዘንግ መለካት ይሻላል።

ስለ ድምፃዊው ጆን ዴንቨር ስንወያይ ክፍሉ ጸጥ አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕይወቱ ባለፈበት ሎንግ-ኢዚ አውሮፕላን ላይ የነዳጅ መምረጫው ከግራ ትከሻው ጀርባ ነበር። መርማሪዎቹ መምረጫውን ለማዞር ሲሞክር አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ደምድመዋል። ልጆቹ መምረጫው የት መሆን እንዳለበት ሲከራከሩ ደወል ተደወለ።

በሚቀጥለው ዓመት በኮምፒውተር ሲሙሌተር ላይ ሞተር ሲጠፋ የሚደረገውን እንለማመዳለን፦ መጀመሪያ ፍጥነትን መያዝ፣ ከዚያ ታንክ መቀየር፣ የነዳጅ ፓምፑን ማብራት። አዲስ አባላት በመጀመሪያው ሳምንት መመዝገብ ትችላላችሁ።