ማሽኑን 2 ላይ ይተዉልኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጣትዎ ላይ የሚሰካው መለኪያ 89 ባሳየ ቁጥር እየደነገጡ የኦክስጅን ማሽኑን ከፍ እንደሚያደርጉት እህቴ ስለነገረችኝ ነው።

መለኪያው የሚያሳየው ደምዎ ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን ከመቶ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር ደግሞ የልብ ምትዎ ነው። በቆላ የሚኖር ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 95ና ከዚያ በላይ ይኖረዋል፤ ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ አየሯም የሳሳ ከተማ በመሆኗ ጤነኛውም ቢሆን ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል። አዳማ እኛ ዘንድ በከረሙ ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ብሎ የነበረው ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ እንጂ የሳንባ ሕመሙ ስለለቀቀዎ አልነበረም።

ሐኪምዎ ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ያዘዙት በምክንያት ነው። የስንት ዓመት የማገዶ ጭስ የጎዳው ሳንባዎ የተቃጠለውን አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድን) አሟጦ ማስወጣት ይቸግረዋል፤ የሚሰጠው ኦክስጅን ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የተቃጠለው አየር በደም ውስጥ ይበልጥ ሊጠራቀም ይችላል። ያን ጊዜ መለኪያው 97 አሳይቶ ደስ ቢያሰኝዎትም የጠዋት ራስ ምታት፣ ድብታና መደናገር ሊከተል ይችላል፤ መለኪያው የተቃጠለውን አየር አይቆጥርምና አያስጠነቅቅዎትም። ስለዚህ 89 ለእርስዎ የታዘዘው ልክ ነው፤ እባክዎ ማሽኑን ከታዘዘው 2፣ ማለትም በደቂቃ ከ2 ሊትር፣ አያሳልፉት።

ሲለኩ ተቀምጠው ትንሽ ይረፉ፤ እጅዎን አሙቀው፣ ቁጥሩ መዋዠቁን እስኪያቆም ይጠብቁ። የቀዘቀዘ ጣት ያሳስታል፤ ለበዓል የሚሞቁት እንሶስላም ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል አንዲት ጣት ሳይሞቁ ይተዉልኝ። እንዲህ ለክተውም ከ88 በታች ሆኖ ከቆየ ለሐኪሙ ይደውሉ። ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ንግግርዎን ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ከተደናገሩ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን እህቴ ወዲያው ሆስፒታል ታድርስዎ።

ቡናው ከነከሰሉና ከነዕጣኑ ማሽኑ ካለበት ክፍል ርቆ፣ ሌላ ቤት ይፈላ፤ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጭሱ ሳንባዎን ይጎዳል፣ ኦክስጅንም እሳትን ያባብሳል። የየጠዋቱን ቁጥር እህቴ በደብተር ትጻፍልዎና ለቀጠሮ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።

አክባሪ ልጅዎ