የሊኑክስ ክበብ፦ ፍላሽ መሰካትና መንቀል የተማርንበት ዓመት

በመጀመሪያው ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፍላሹን ሰካና ጠበቀ። ምንም አልመጣም። «ቲቸር፣ አልሠራም» አለኝ። ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይከፍተው ሆን ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ሥርዓት ነው፤ አብዛኛው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ይህን ሥራ ለብቻው ይጨርሰዋል። እኔ ግን ልጆቹ ውስጡን እንዲያዩት ፈለግሁ።

ሊኑክስ ላይ ሲ፣ ዲ እየተባለ ለዲስክ ፊደል አይሰጥም። ፎልደሮቹ ሁሉ ከአንድ ሥር ይጀምራሉ። የተሰካው ዲስክ የሚከፈተው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ስናገናኘው ነው። ማውንት ማድረግ ማለት ይኼው ነው።

መጀመሪያ የለመድነው «ኤልኤስቢኤልኬ» የሚለውን ትእዛዝ ነው። ዲስኮቹን ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። 16 ጊጋባይት የተጻፈበት ፍላሽ 14.9 ሆኖ ሲወጣ «ተሸወድን እንዴ?» ያሉ ነበሩ። አልተሸወዱም። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ትእዛዙ በ1024። ከዚያ «ኤስዲቢ1»ን፣ ማለትም ሊኑክስ በዚህ ስም የሚጠራውን የፍላሹን ክፍል፣ «ኤምኤንቲ» ፎልደር ላይ ማውንት አደረግን። ትእዛዙ ሲሳካ ዝም ይላል። ልጆቹ ዝምታውን እስኪለምዱት ደጋግመው ይጽፉት ነበር።

አንዷ ተማሪ ፍላሹን የራሷ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ላይ ማውንት አደረገችው። የሴሚስተሩ ሥራዋ በሙሉ ከዓይኗ ጠፋ። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቼ ቶሎ ደረስኩላት። ፍላሹን ስናላቅቀው ፋይሎቿ እዚያው ነበሩ። ከላይ ሌላ ተደርቦባቸው ነው እንጂ የትም አልሄዱም። ከእኔ ገለጻ ሁሉ ይልቅ ማውንትን ለክበቡ ያስረዳችው ያቺ ደቂቃ ናት።

ዓመቱን ሙሉ ስወተውት የከረምኩት ግን ስለ አነቃቀሉ ነው። ስክሪኑ ኮፒው አለቀ ቢልም ዳታው ገና ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ለፍጥነት ሲል መጻፉን ያቆየዋል። አንድ ልጅ የቡድኑን ቪዲዮ ኮፒ አድርጎ ወዲያው ነቀለው። ቤት ሄዶ ሲከፍተው ግማሽ ላይ ቆመ። በጣም አዘነ፣ እኔም አብሬው አዘንኩ። መጀመሪያ «ዩማውንት» (የማላቀቂያው ትእዛዝ) ብሎ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ሁሉም ተጽፎ እስኪያልቅ ይጠብቅለት ነበር። ሲጻፍ ከ«ዩ» ቀጥሎ «ኤን» የለም፤ ብዙዎቻችንን ያሰናከለችው ይህቺ ፊደል ናት።

አንዳንዴ ደግሞ «ዩማውንት» ዲስኩ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ይላል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቅርብ ነው፦ ተርሚናላችን (ትእዛዝ የምንጽፍበት መስኮት) ራሱ ፍላሹ ውስጥ ቆሟል። ፎልደር በሚቀይረው «ሲዲ» ትእዛዝ መውጣት ይበቃል።

«ኤፍስታብ»፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ዲስክ የት ማውንት እንደሚደረግ የሚጻፍበት ፋይል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀርቶናል። «ኤስዲቢ» የሚለው ስም እንደ አሰካኩ ቅደም ተከተል ሊቀያየር ስለሚችል፣ ዲስኩን በዩዩአይዲ (በራሱ ልዩ መለያ) መለየት ከዚያ እንጀምራለን። አዲስ ገቢዎቹን የሚያስተምሩት የዘንድሮዎቹ ልጆች ናቸው። ቪዲዮው የተበላሸበት ልጅ የአነቃቀሉን ክፍል እኔ ልያዝ ብሎ ጠይቆኛል፤ ሰጥቼዋለሁ።