ትራክ ካምፓኒ ለሚከፍቱ ወገኖች፦ የዝናቡ ፈቃድስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ትራክ ካምፓኒ ስለመክፈት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ኢንሹራንሱም፣ ታክሱም፣ የኤምሲ ቁጥሩም (የፌዴራሉ የጭነት ሥራ ፈቃድ ቁጥር) ተነግሯል። ከግቢ ለሚወጣ የዝናብ ውኃ ስለሚያስፈልገው ፈቃድ ግን አንድም ቃል የለም። እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የትራክ ጥገና ኃላፊ ነኝ። የኛ ሰው ይህን ጉዳይ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ኢንስፔክተር በሩ ላይ ሲቆም ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ያለው የዝናብ መውረጃ በአብዛኛው ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። የኛ ሰፈር ውኃ ፖቶማክ ወንዝ ወርዶ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። የ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ በ1987 ሲሻሻል ነው ከኢንዱስትሪ ግቢ የሚወጣ የዝናብ ውኃም ፈቃድ ያስፈልገዋል የተባለው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ፈቃዱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ዲሲ ውስጥ የሚሰጠው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ ነው።

ሥራችሁ ትራክ ማቆም ብቻ ከሆነ በአብዛኛው አይመለከታችሁም። እዚያው ጋራዥ ከፍታችሁ ዘይት መቀየር፣ ግራሶ መሙላት ከጀመራችሁ ግን ገባችሁበት። እጥበቱማ ሌላ ጣጣ ነው፤ የእጥበት ውኃ በዚህ ፈቃድ አይለቀቅም። ሥራውም ዕቃውም ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ሥር ከሆነና ዝናብ ካልነካው ይህንኑ አረጋግጣችሁ በየ5 ዓመቱ በማደስ ከፈቃዱ ነፃ መሆን ትችላላችሁ። ጣሪያው ውድ ቢመስልም እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን አሰላ ነበር።

ፈቃዱ ውኃው እንዳይበከል የምታደርጉትን የሚያሳይ ዕቅድ በጽሑፍ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ አማካሪ ጥሩ ገንዘብ ተቀብሎ የሸጠልንን ዕቅድ ስገልጠው ካርታው ላይ ግቢያችን ውስጥ የሌለ የነዳጅ ታንከር አለ። ያሮጌ ዘይት በርሜሎቻችን ደግሞ የሉም። የሌላ ሰው ዕቅድ ላይ ስማችንን ለጥፎ ነው! ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ዝናብ ሲመጣ ጃኬት ደርባችሁ ግቢውን ዙሩ፤ ውኃው በየት እንደሚሄድ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

በየሩብ ዓመቱ በዓይን የሚታይ የዝናብ ውኃ ናሙና መቅዳትም አለ። ለዚህኛው ላብራቶሪ አያስፈልግም። ናሙናው የሚቀዳበት ዝናብ ካለፈው ዝናብ ቢያንስ 72 ሰዓት ቆይቶ የመጣ መሆን አለበት። ውኃው ከግቢው መውጣት ሲጀምር፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች፣ በጠራ ጠርሙስ ይቀዳል። ከዚያ ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ነው፦ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ ታች የዘቀጠውን። እኛ ዘንድ ሁልጊዜ የሚያስቸግረው ከላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጨው የዘይት ሽፋን ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው አንድ የሚያንጠባጥብ ትራክ ነው። ሥሩ ትሪ አድርጉና የዚያኑ ቀን ጠግኑት። ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ከነቀኑ መዝግቡ፤ ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው መዝገቡን ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከፍተኛ ቅጣት ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60,000 ዶላር በላይ ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጽሑፉን መልሳችሁ የምታወጡት ከሆነ ይህን ከኢንሹራንሱ በፊት አስገቡት። ሰው ቦታ ተከራይቶ ውል ከፈረመ በኋላ ጣሪያ ልሥራ ቢል ባለንብረቱ እሺ አይለውም።

አክባሪያችሁ፣
የትራክ መካኒክ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ